ለደከመ ማሽን ማን ይቆማል? ስለ ጨዋታ አሳታሚዎች ንግድ የቀረበ ጥናት

በንግድ ዕቃዎች መካከል ብቻቸውን ተሽጠው ሥራ የማይሠሩ አሉ። ፋኖስ ያለ ክርና ያለ ብርጭቆ፣ የወፍጮ ሞተር ያለ ቀበቶ፣ የጽሕፈት ቤት ማተሚያ ያለ ቀለም ከንቱ ነው። ከስሜን ተራሮች ግርጌ ካሉት ቀበሌዎች ተነሥቶ በገበያ ቀን ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት የሚመጣ ገበሬ ሬዲዮ ወይም መብራት ሲገዛ፣ ዋጋውን ከመከራከሩ በፊት «ሲበላሽ መለዋወጫው ይገኛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም ብዙ የንግድ ትምህርት ይዟል። ዋናውን ዕቃ የሚሠራው አንድ ድርጅት፣ ዕቃውን ጠቃሚ የሚያደርገውን ተከታይ ዕቃ የሚያቀርበው ደግሞ ሌላ ድርጅት በሆነ ጊዜ፣ የቸርቻሪው ገንዘብ በሁለት ሰዎች እጅ ይያዛል፤ ከሁለቱም አንዱ እንኳ የቸርቻሪውን ስም አያውቀውም።

ይህን ጉዳይ በዚህ ሳምንት የምንመረምረው በቪዲዮ ጌም ንግድ ምሳሌነት ነው። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነውና ለንግድ ጋዜጣ አይገባም ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን ከተሞች «ፕሌይስቴሽን ቤት» እየተባለ የሚጠራው ሱቅ ኪራይ የሚከፍል፣ የመብራት ሒሳብ የሚከፍል፣ ዕቃውን ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ መርካቶ የሚያመጣ እውነተኛ ንግድ ነው። እንደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ደግሞ ወጣት ደንበኛ አይታጣም። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ለቴሌቪዥን፣ ለማሽን፣ ለጆይስቲክና ለጨዋታ ዲስክ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከዕቁብ የደረሰው ወይም ከዘመድ የተበደረው ነው። የማሽኑ ምርጫ በተሳሳተ ጊዜ የሚጠፋው ይኸው ገንዘብ ነው። ከዚህ በታች የሚነበቡት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

የንግዱ አካሄድ እንዲህ ነው። እንደ ኒንቴንዶ፣ ሶኒና ማይክሮሶፍት ያሉት ኩባንያዎች ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የሚሠራውን ሣጥን ይሠራሉ፤ ይህም ኮንሶል ይባላል። ከጨዋታዎቹ ከፊሉን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ የቀረውን ግን አሳታሚ የሚባሉ ሌሎች ኩባንያዎች በራሳቸው ወጪ አዘጋጅተው ለገበያ ያቀርባሉ። ይህ የሥራ ክፍፍል የተጀመረው በ1979 አታሪ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የወጡ ባለሙያዎች አክቲቪዥንን ባቋቋሙ ጊዜ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ አሳታሚው ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ ለማሽኑ ባለቤት የፈቃድ ዋጋ እንዲከፍል ተለምዷል። በዚህም ምክንያት የማሽኑ ባለቤት ሣጥኑን በአነስተኛ ትርፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በኪሣራ ቢሸጥ አይደንቅም፤ ትርፉን የሚጠብቀው ከጨዋታዎቹ ነውና።

ለአሳታሚው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድን ጨዋታ ለአንድ ማሽን ለማሰናዳት የሚወጣው ገንዘብ፣ ማሽኑ ሦስት ሚሊዮን ቤት ቢገባም መቶ ሚሊዮን ቤት ቢገባም እምብዛም አይለያይም። የደመወዝ ወጪው ያው ነው፤ የሚለያየው የገዢው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ አሳታሚ ስለ አንድ ማሽን ሲናገር ምን እንደሚል ከመስማት ይልቅ፣ ማሽኑ ስንት ቤት እንደ ገባ መቍጠር ይበልጣል። ይህን የሚያረጋግጥልን የኒንቴንዶ ዊ ዩ ታሪክ ነው።

ኒንቴንዶ በ2006 ያወጣው ዊ የተባለው ማሽን እጅግ የተሳካለት ነበር፤ በዕድሜው ዘመን 101.63 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። በእጅ እንቅስቃሴ የሚታዘዝ ስለ ነበረ፣ ከዚያ በፊት ጨዋታ ነክተው የማያውቁ እናቶችና አያቶች ሳይቀሩ ገዙት። ተተኪው ዊ ዩ በጁን 2011 ለሕዝብ ታየ፤ በኖቬምበር 18 ቀን 2012 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ዋጋው እንደ ዐይነቱ 299.99 እና 349.99 ዶላር ነበረ፤ ኩባንያውም ከሥራ ወጪው በታች እንደሚሸጠው በይፋ አስታውቋል። አዲስነቱ በእጅ የሚያዘው ክፍል ላይ 6.2 ኢንች የሚሆን መስታወት መኖሩ ነበር። ነገር ግን ስሙ ከቀድሞው ማሽን ስም ጋር እጅግ ስለ ተመሳሰለ፣ ብዙ ገዢ አዲስ ማሽን መሆኑን ሳይረዳ ለአሮጌው ዊ የሚሆን ተጨማሪ ዕቃ መሰለው። በስም ለመቈጠብ የተደረገው ነገር በሽያጭ ብዙ አስከፍሏል።

ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ 3.06 ሚሊዮን ማሽን ተሸጠ፤ ይህ መልካም ጅምር ነበር። የበዓሉ ገበያ እንዳለፈ ግን በሚቀጥሉት ሦስት ወሮች የተሸጠው 390,000 ብቻ ሆነ፤ ከአፕሪል እስከ ጁን 2013 ደግሞ በዓለም ሁሉ 160,000 ብቻ። እስከ ማርች 2014 ባለው የሒሳብ ዓመት ዘጠኝ ሚሊዮን እንሸጣለን ብሎ የነበረው ኩባንያ በጃንዋሪ 2014 ግምቱን ወደ 2.8 ሚሊዮን አወረደ፤ ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታም ለጥቂት ወራት ደመወዛቸውን በግማሽ ቀነሱ። ማሽኑ እስከ መጨረሻው የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ሲሆን፣ ሥራው በ2017 መጀመሪያ ላይ ቆመ።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ውስጥ አሳታሚዎቹ ምን አደረጉ?

ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በዓለም የታወቀውን የፊፋ እግር ኳስ ጨዋታ ያዘጋጅ የነበረ ነው። በጁን 2011 ዊ ዩ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት መድረክ ላይ የወቅቱ የኩባንያው ሹም ጆን ሪቺቴሎ ቆመው፣ ከኒንቴንዶ ጋር ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ ኅብረት እንደሚኖራቸው ተናገሩ። ቃሉ ያማረ ነበር። ዕቃው ሲመጣ ግን ለዊ ዩ የቀረበው ማስ ኢፌክት 3 የተባለው ጨዋታ በስድሳ ዶላር ሲሸጥ፣ በዚያው ወር በሌሎች ማሽኖች ላይ በዚያው ስድሳ ዶላር የተሸጠው የተከታታዩ ሦስት ጨዋታዎች ስብስብ ነበር። ይህን ልዩነት ማንም ቸርቻሪ አይስተውም። ለአንዱ ደንበኛ በአንድ ጣሳ ዋጋ ሦስት ጣሳ የሚሰፍር ነጋዴ፣ ለሌላው ደንበኛ የሰጠው የወዳጅነት ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ሰፈሩ ራሱ ይናገራል። ኩባንያው ለዊ ዩ በጠቅላላው አራት ጨዋታዎች ካቀረበ በኋላ፣ ከማርች 2013 ወዲህ ምንም አልጨመረም።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የታየው ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ፊፋ 14ን ባወጣ ጊዜ ለዊ ዩ አላዘጋጀም፤ በአንጻሩ በ2000 ለወጣውና ሶኒ መሥራቱን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላቆመው ለፕሌይስቴሽን 2 አዘጋጀ። ለአሮጌው ዊም እንዲሁ። አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላው ማሽን ሲዘለል፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ማሽን ድርሻውን አገኘ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 2 ወደ 160 ሚሊዮን ያህል ተሸጦ ስለ ነበር፣ በየአገሩ በየሱቁ በየሳሎኑ ተቀምጦ አዲስ ዲስክ የሚጠብቅ ብዙ ሕዝብ ነበረው። አሳታሚው ያየው የማሽኑን አዲስነት አልነበረም። በአገራችን የጨዋታ ቤቶች ያ አሮጌ ማሽን ለረዥም ጊዜ እንጀራ ያበላው ሰው ጥቂት አይደለም፤ የዚህም ምክንያቱ ከማሽኑ ጥንካሬ በተጨማሪ የዲስኩ አለመቋረጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመጣለን። በ1986 በጊየሞ ወንድማማቾች የተቋቋመው የፈረንሳይ አሳታሚ ዩቢሶፍት፣ ከኒንቴንዶ ውጭ ካሉት ሁሉ ይልቅ ለዊ ዩ ጽኑ ደጋፊ ሆኖ ታይቷል። ማሽኑ በወጣበት ቀን የዩቢሶፍት ጨዋታዎች በመደርደሪያው ላይ በርከት ብለው ተገኙ፤ ከነዚህም ዋናው ዞምቢዩ የተባለው፣ የማሽኑን ባለመስታወት መቈጣጠሪያ በብልሃት የተጠቀመና ለዚያ ማሽን ብቻ የተዘጋጀ ሥራ ነበር። ሌላው ሬይማን ሌጀንድስ ሲሆን እርሱም ለዊ ዩ ብቻ ተብሎ ለፌብሩዋሪ 26 ቀን 2013 ተቀጠረ፤ ገዢዎችም ቅምሻውን ከገና በፊት በየቤታቸው አዩ።

ከቀጠሮው ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ዩቢሶፍት አዲስ ማስታወቂያ አወጣ። ጨዋታው ለሶኒና ለማይክሮሶፍት ማሽኖችም እንደሚዘጋጅ፣ ስለዚህም በሁሉም ላይ አንድነት እንዲወጣ እስከ ሴፕቴምበር እንደሚዘገይ ነገረ። የዊ ዩው ሥራ ወደ ማለቁ ስለ ነበር፣ ገዢዎች ብቻ ሳይሆኑ የጨዋታው አባት ሚሼል አንሴልም አልተደሰቱም፤ ተቃውሞ ከያዙት ሰዎች ጋር ቆመው ፎቶግራፍ እስከ መነሣት ደረሱ። ጨዋታው በመጨረሻ የወጣው በበጋው መውጫ ሲሆን፣ በእነዚያ ሰባት ወራት ውስጥ የዊ ዩ መደርደሪያ ባዶውን ከረመ። ማሽኑ ዕቃ እጅግ በሚያስፈልገው ጊዜ ዕቃው በመጋዘን ተቀመጠ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የአሳታሚውን ሐሳብ በቅንነት መመዘን ይገባል። በጁላይ 2013 የዩቢሶፍት ሹም ኢቭ ጊየሞ፣ ዞምቢዩ ትርፍ ሊያመጣ ይቅርና ወደዚያ እንኳ እንዳልተጠጋ ተናገሩ፤ ስለዚህ ተከታይ እንደማይሠራለት ታወቀ። በባለአክሲዮኖች ፊት የሚቆም ሹም ሁለተኛውን ጨዋታ እንደ መጀመሪያው በአንድ ደካማ ማሽን ላይ አስሮ ቢያስቀር ምን ብሎ ይመልሳል? ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው አስተያየት ግን እንዲህ ነው፤ ለሌሎች ማሽኖች ማዘጋጀቱ የንግድ መብት ነበረ፣ የተዘጋጀውን ይዞ ማቈየቱ ግን ጕዳቱ ከጥቅሙ የበለጠ ነበር። በፌብሩዋሪ ለዊ ዩ ሸጦ በሴፕቴምበር ለቀሩት መሸጥ ይቻል ነበርና። ኩባንያው ሥራው ስለ ዘገየ ለካሳ የሚሆን ትንሽ ነጻ ጨዋታ በአፕሪል ማቅረቡም በደሉን ራሱ ሳይረዳው እንዳልቀረ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ የድጋፉ መቀነስ እንደ ሻማ መጠን ቀስ በቀስ ሆነ። በ2013 መጸው የአሳሲንስ ክሪድ አራተኛው ክፍል ለዊ ዩ ከሌሎቹ ጋር ተሰጠ፤ በ2014 የወጣው ግን አልተሰጠም። ዋች ዶግስ የተባለው ትልቅ ጨዋታ በሌሎች ማሽኖች ላይ በሜይ 27 ቀን 2014 ሲወጣ፣ ለዊ ዩ የደረሰው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነው፤ ስድስት ወር ዘግይቶ። በዚያው ዓመት ኢቭ ጊየሞ፣ ተሠርተው ያለቁና የማሽኑ ሽያጭ እስኪጨምር ተብለው የተቀመጡ የዊ ዩ ጨዋታዎች እንዳሉ ገለጹ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። ማሽኑ የማይሸጠው ጨዋታ ስለሌለው ነው፤ ጨዋታው የማይወጣው ማሽኑ ስላልተሸጠ ነው። ወፍጮ ቤቱ እህል ሲመጣ እከፍታለሁ ቢል፣ ገበሬውም ወፍጮ ቤቱ ሲከፈት እህል አመጣለሁ ቢል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ዱቄት ግን የለም። በ2015 ዞምቢዩ ራሱ ስሙ ትንሽ ታጥሮ ለሌሎቹ ማሽኖች ሲሸጥ፣ ለዊ ዩ ብቻ የተባለው ነገር ሁሉ አበቃ።

ሁሉ ነገር አበቃ ስንል ግን አንድ እንግዳ ነገር እንዳይዘነጋ። ጀስት ዳንስ የተባለው የዩቢሶፍት የውዝዋዜ ጨዋታ፣ በ2009 ለዊ ተብሎ የተጀመረው፣ በየዓመቱ ለዊ ዩ መውጣቱን አላቆመም። የመጨረሻው ጀስት ዳንስ 2019 ሲሆን የወጣው በኦክቶበር 2018 ነበር፤ ማሽኑ መሠራቱ ከቆመ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አልፎት ነበር። ለአሮጌው ዊማ በኖቬምበር 2019 ጀስት ዳንስ 2020 ወጣለት፤ ማሽኑ በተወለደ በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት! የዚህ ምስጢር ብዙ አያስቸግርም። ጨዋታው በየዓመቱ ዘፈኑ እየተለወጠ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ለአሮጌ ማሽን ለማሰናዳት የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው፤ የዊ ባለቤቶች ደግሞ ቤተ ሰቦችና ልጆች ናቸው፤ አዲስ ማሽን ለመግዛት አይቸኩሉም። ትልቁ ጨዋታ ሲሸሽ ትንሹ ቀረ። በደካማ ማሽን ላይ ገንዘቡን ያዋለ ነጋዴ ከሚተርፈው ዕቃ የሚያገኘው እንዲህ ያለውን ነው፤ ይህንንም መናቅ አይገባም።

እንዲህ ያለ ታሪክ የመጀመሪያው አይደለም። ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በኖቬምበር 1998 ድሪምካስት የተባለውን ማሽን በአገሩ አወጣ፤ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 በአሜሪካ ሲወጣም ብዙ ሕዝብ ተቀበለው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ግን አንድም ጨዋታ አልሰጠውም። ሴጋ የራሱን የስፖርት ጨዋታዎች አዘጋጅቶ ጉድለቱን ለመሸፈን ቢጥርም፣ በ2000 ፕሌይስቴሽን 2 ሲመጣ አልቋቋመውም፤ በጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ማሽን መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። የተሸጠው 9.13 ሚሊዮን ያህል ነበር። ልብ ይበሉ፤ ድሪምካስት ያለ ትልቅ አሳታሚ ድጋፍ ወደቀ፣ ዊ ዩ ደግሞ ትልቅ አሳታሚ እየደገፈው ወደቀ። ከዚህ የምንረዳው የአሳታሚ ድጋፍ መጥፋት ማሽንን ሊገድል እንደሚችል፣ መኖሩ ግን ብቻውን ሊያድን እንደማይችል ነው።

የማያቋርጥ ድጋፍ የሚገኘው ወጪውን የማሽኑ ባለቤት ሲሸከም ነው። ባዮኔታ የተባለው ጨዋታ ሁለተኛ ክፍሉ በሴጋ በኩል ሊቀር በተቃረበ ጊዜ፣ ኒንቴንዶ ገንዘቡን ሰጥቶ ለዊ ዩ ብቻ አሠራው፤ በ2014ም ወጣ። ሌላ ማሽን ላይ አልሄደም፤ ባለገንዘቡ ኒንቴንዶ ነበረና። ሲወጣም ወደ ኒንቴንዶ ቀጣይ ማሽን ነው የወጣው። እንግዲህ «ለዚህ ማሽን ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ሲታይ፣ ወጪውን ማን ከፈለ ብሎ መጠየቅ ይገባል። አሳታሚው በራሱ ገንዘብ የሠራው ከሆነ ቃሉ ገበያው እስኪቀዘቅዝ ነው።

የስሜን አካባቢ ነጋዴ ይህን ነገር ከሌላ ሥራ ያውቀዋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ተራራው ያው ተራራ፣ ዋልያውም ያው ዋልያ ነው። የውጭ አገር የጉዞ ሻጭ ግን ስሜንን በዝርዝሩ ላይ የሚያወጣው ጠያቂ እስካለ ድረስ ነው። በ2020 ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም የሰሜኑ ጦርነት መንገደኛውን ባስቀሩት ጊዜ፣ በደባርቅ ያለው የሆቴል ባለቤት፣ አስጎብኚውና በቅሎ አከራዩ ያጡት እንግዳውን ብቻ አልነበረም፤ እንግዳውን የሚልክላቸውን ሰው ትኩረትም ነበር። የጉዞ ሻጩ ጠላት ሆኖ አይደለም። ዝርዝሩን ለሌላ አገር መስጠት ለእርሱ አንድ ገጽ መለወጥ ነው፤ በቅሎውን የመቀለብ ዕዳ ግን በባለቤቱ ላይ ይቀራል።

አንድ ማሽን ለመግዛት ወይም ለማስመጣት የሚያስብ አንባቢያችን እንግዲህ ምን ይመልከት? ከሁሉ አስቀድሞ የፋብሪካ ግምትን ትቶ የተሸጠውን ቍጥር ይመልከት፤ ኒንቴንዶ ዘጠኝ ሚሊዮን ብሎ 2.72 ሚሊዮን እንደ ሸጠ አይርሳ። የበዓል ወር ሽያጭንም ብቻውን አይመን፤ ከገና ወይም ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሦስት ወሮች ይሻላሉ። ቀጥሎ ቀኑን ይመርምር፤ አዲሱ ጨዋታ ለዚህ ማሽን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀን ይመጣል ወይስ በወራት ይዘገያል? መዘግየት ሲጀምር የመቅረት ዋዜማ ነው። ዋጋውንም ያወዳድር፤ በማስ ኢፌክት ላይ የታየው ዐይነት ሰፈር ካለ፣ አሳታሚው ልቡን ወደ ሌላ እንዳደረገ ይወቅ። ለእኛ አገር ሱቅ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ደንበኛው የሚፈልገው እግር ኳስ ነው። የዓመቱ የእግር ኳስ ጨዋታ የማይመጣለት ማሽን፣ ሌላው ነገሩ ምንም ቢያምር፣ በዳባት አስፋልት ዳር ለሚከፈት የጨዋታ ቤት አይሆንም። ዊ ዩ ከፊፋ 13 በኋላ ሌላ ፊፋ አላየም።

ያገለገለ ማሽን በርካሽ ተገኘ ተብሎ የሚገዛ ካለም ሌላ ምርመራ ይጨምር። ዛሬ ብዙ ጨዋታ የሚሸጠው በዲስክ ሳይሆን በኢንተርኔት መደብር በኩል ነው። የዊ ዩ መደብር በማርች 27 ቀን 2023 ተዘግቷል፤ በኢንተርኔት እርስ በርስ መጫወቱም በአፕሪል 2024 ቆሟል። እንዲህ ያለውን ማሽን የሚገዛ ሰው የሚገዛው ከዲስኮቹ ጋር የተቈጠረ ዕቃ ነው፤ ዲስኩ ከሌለ ሣጥኑ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ጌጥ ይሆናል። ገንዘቡን ሲከፋፍልም ከመቶው ብር ሰማንያውን ለማሽን፣ ሃያውን ለዲስክ የሚያደርግ ሰው፣ ማሽኑ ሲደክም ሁለቱንም በአንድነት እንደሚያጣ ያስላ፤ ቴሌቪዥኑና ወንበሩ ግን ለማንኛውም ማሽን ያገለግላሉ። ስለዚህ በሁለቱ ላይ የሚወጣው ብር ያን ያህል አያስፈራም።

የአገራችን አሳታሚዎችም ቢሆኑ በዚሁ ሒሳብ ሄደዋል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን ስለ ዶሮ የሚናገር ጨዋታውን ያወጣው ለእጅ ስልክ ነው፤ ኮንሶል በኢትዮጵያ በጥቂት ቤት ያለ ሲሆን ስልክ ግን በየኪሱ ነውና።

ስለ ዩቢሶፍትና ስለ ኒንቴንዶ የቀረው ታሪክ አጭር ነው። ኒንቴንዶ በማርች 2017 ስዊች የተባለውን ማሽን አወጣ፤ ይህም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በዊ ዩ ላይ ወደ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ያህል የተሸጠው ማሪዮ ካርት 8፣ ጥቂት ተጨምሮበት ለስዊች ሲቀርብ ከስድሳ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ጨዋታው በመሠረቱ ያው ነበር። ዩቢሶፍትም በዚያው ዓመት በኦገስት 29 ቀን፣ የኒንቴንዶን ማሪዮ ከራሱ ጥንቸሎች ጋር ያጣመረ ጨዋታ ለስዊች ብቻ አዘጋጅቶ አቀረበ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ግን የአሜሪካውን እግር ኳስ ማደንን ወደ ኒንቴንዶ ማሽን የመለሰው በኦገስት 2025፣ በስዊች 2 ላይ ነው። በዊ ዩ ላይ ከወጣው ከማደን 13 በኋላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር።